ማክሰኞዬ የቱ ነው?

ጉልበቴ ሩጫ እምቢ ሲለኝ፣ ሳሪስ አቦ ካለ አንድ ጂም ገብቼ ተቀምጦ የሚቀዘፍበትን ማሽን ጀመርኩ። አሰልጣኙ «ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይልህ ቅዘፍ፣ አንድ ደቂቃ እረፍ፤ እንደዚያ እያልክ ደጋግመው። በሌላው ቀን ግን ሰው እያዋራህ መቅዘፍ በምትችልበት ልክ፣ በቀስታ» አለኝ። እያወራሁ ከቀዘፍኩ ምኑን ሠራሁት? ቀስ ስል ደግሞ ተራ የሚጠብቁት ጎረምሶች «ፋዘር፣ ደከመህ እንዴ?» ይሉኛል። ደሜ ይፈላና እፈጥናለሁ።

ማክሰኞ ሲመጣ ከጎኔ የጂም ብስክሌት የሚነዱ ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ልክ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል «እንዴት ነህ? ልጆች ደህና ናቸው? እናትህስ ተሻላቸው?» ይሉኛል። የትልቅ ሰው ሰላምታ እንዴት ይታለፋል? ቀስ እልና አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

በሦስተኛው ወር አሰልጣኙ ማሽኑ የመዘገበውን አየና «ማክሰኞህ የቱ ነው?» አለኝ። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ነበር። እኔም ጠፋኝ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሽማግሌውን «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ እንኳ ምንም ባይጠይቁኝ» አልኳቸው።

ብስክሌቱን አቁመው አዩኝ። «ታዲያ መሞት አለመሞትህን በምን ልወቅ?»