ከቦንዳ የወጣው ጃኬት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ደባርቅ ገበያ ላይ ስለ ሁሉም ነገር ስቀባጥር ኖሬ ይህቺን ብቻ ዋጥኋት። ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ ወጪውን ልናገር፤ ነገሩ በጠቅላላ እኔን ያከሰረኝ አንድ መስታወት ነው። ተሰነጠቀ፣ ሌላ ገዛሁ።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። እኔና ጓደኛዬ አስማረ አንድ ዳስ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ እንሸጥ ነበር። ያገናኘን የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ነው። የፊልሙን ታሪክ ማን ያያል? እኛ የምናየው አክተሩ ኮሌታውን እንዴት እንደሚያቆም፣ ስቴኪኒውን በየትኛው የአፉ ጥግ እንደሚይዝ ነበር። የዳሱ ግድግዳ በፖስተር ተሸፍኗል። አንድ ዘፋኝ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ ስላየሁ እኔም በደባርቅ ብርድ ደረቴን ከፈትሁ፤ ክረምቱን በሳል ጨረስሁት። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የፊልም ድብድብ እንጫወታለን፤ እኔ እሰነዝራለሁ፣ እሱ ይወድቃል፣ ሰው ይስቃል።

ቦንዳ፣ በብረት ማሰሪያ የተጠፈረ የልባሽ ጨርቅ እሽግ፣ የምንገዛው በጋራ ነው። ደህና ዕቃ ከወጣ ዕጣ ይጣላል፤ እኔ ቁልፌን፣ እሱ የጠርሙስ ክዳን ኮፍያ ውስጥ እንጨምርና ሌላ ሰው ያወጣልናል። የወጣለት ወሰደ፤ ክርክር የለም።

አንድ የገበያ ቀን ከቦንዳው ጥቁር የቆዳ ጃኬት ወጣ። ግድግዳችን ላይ አክተሩ የለበሰው ቁርጥ እሱ። ሽንኩርት ሻጯ እትዬ ዘውዴ እጇን ኮፍያው ውስጥ ከታ የአስማረን ክዳን አወጣች። ሲለብሰው ልክ ሆነ።

"ወይ ልጄ! አክተሩ መጣ!" ብላ ገበያውን አሳቀችው።

"ሽጥልኝ" አልሁት።

"አይሆንም።"

"ከቦንዳው ድርሻዬን ሁሉ ውሰድ።"

"ወንድሜ፣ አንተ እኮ ፊልሙ ሲጀምር የሚሞተው ሰውዬ ነህ። ለእሱ ጃኬት አይሰጠውም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የከፋ በየቀኑ እንባባል አልነበር? ሰው ለጨርቅ ይህን ያህል ይቃጠላል? እኔ ተቃጠልሁ።

ራሱን በመስታወት ሊያይ ወደ ዳሱ ውስጥ ገባ። ተከትየው ገባሁና የበሩን ሸራ ለቀቅሁት። የቦንዳ ማሰሪያ የምንቆርጥበትን ብረት አነሣሁ። በመስታወቱ አየኝ። አየኝና እየሳቀ ዞረ፤ እንደ አክተሩ ሁለት ቡጢውን አነሣ። ጨዋታ መስሎት ነበር። መታሁት። ዓይኑ ላይ መታሁት። መስታወቱ ላይ ተላተመ፤ ደግሜ መታሁት። ፊልም ላይ ሰው አሥር ጊዜ ተመትቶ ደሙን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ይነሣል። የቡጢው ድምፅ ቤቱን ያናውጣል። እውነተኛው ግን የረጠበ ጨርቅ መሬት ሲጣል እንደሚሰማው ነው፤ ከሸራው ወዲያ የቆመ እንኳ አይሰማውም። አስማረ አልተነሣም። ዓይኑን በያዘባቸው ጣቶቹ መሃል የወጣው ደም ብቻ አልነበረም። ያንን እያየሁ መጀመሪያ ያሰብሁት ጃኬቱ እንዳይበላሽ ነው። እኔ። ያንን አሰብሁ።

ከሰው ጋር ተረባርበን ሆስፒታል አስገባነው፤ ታላቅ ወንድሙም ከአገራቸው ከአምቢኮ ክላሹን አንግቶ ደረሰ። "ማነው?" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስሜ ቢጠራ እዚያው ይጥለኝ ነበር።

አስማረ ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ "ማንም አይደለም ጋሼ። ቦንዳ ስፈታ ማሰሪያው ተፈናጥሮ መታኝ" አለ።

ነፍሴን ሰጠኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምናልባት ግማሽ ሰው እሆን ነበር።

"ቀስ በል ብዬው ነበር፤ አይሰማም" አልሁ።

ቃሌ ገበያውን ዞረች። ቦንዳ መፍታት ከማይችል ሰው ጋር ማን ይሸረካል? ሁሉም ሸሸው። ዳሱ የእኔ ብቻ ሆነ። ሐኪሞቹ ያወለቁለትን ጃኬትም የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ መልስልኝ ብሎ አልጠየቀኝም።

ዛሬ አስማረ መናኸሪያ ቆሞ "ዳባት! አምባ ጊዮርጊስ! ጎንደር!" እያለ ተሳፋሪ ይጣራል። ዓይኑን ለመሸፈን ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ጎረምሶቹ "አክተሩ" ይሉታል። ሲያገኘኝ ሁለት ቡጢውን አንሥቶ ይስቃል። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣም።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተመታችሁት እናንተ አይደላችሁም። እሱንም አልጠየቅሁትም። ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ያንንም ልወስድበት አልፈለግሁም።

ጃኬቱ እኔ ቤት ነው። የእሱ አንድ ዓይን የለም። የእኔ ሁለቱም አሉ።