ጎርጎራ ወይም ዓባይ ማዶ

ሰባ ስምንት ዓ.ም.፣ የካቲት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቴ ወሰዱኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም።

የገባሁበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ የሻገተ ጤፍና የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሃንጋሪ ተምሮ የመጣ የሒሳብ መምህር።

እሱ የታሰረው በደብተሩ ሰበብ ነው። ለኮምፒውተር የሚጻፉ ደንቦችን ያጠናል። በከተማው ኮምፒውተር ስላልነበረ ደንቡን በእጁ ጽፎ መልሱንም ራሱ ያወጣል። አንዱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ባለታንኳው ወደቡ ላይ ከሌለ፣ ጎርጎራ ነው ወይም ዓባይ ማዶ ነው። ጎርጎራ ከሐይቁ ሰሜን ዳር ነው፤ ዓባይ ማዶ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የከተማው ሰፈር ነው።

በዚያ ሰሞን የሚሸሹ ሰዎችን በሐይቁ አሻግሯል የተባለ ባለታንኳ ይፈለግ ነበር፤ ደንቡ ስለ እሱ የተጻፈ መሰላቸው።

"የትኛው ጋ ነው?" አልሁት እኔም።

"ደንቡ አያውቅም።"

"አንተስ?"

"ምሳሌ ነው እኮ። ዓባይ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ታንኳ ስላለው ምሳሌውን ከእሱ ወሰድሁት። አሁን መርማሪዎቹ አንዱን ምረጥ ይሉኛል። ዓባይ ማዶ ካልሁ የሚታሰረው እሱ ነው።"

"የማያውቅ ደንብ ምን ይሠራል?"

"ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ ሁለቱንም ይዞ ይጠብቃል።"

"እኛ ጋዜጠኞች ዘንድ ይህ ዜና አይሆንም።"

"መርማሪ መሆን ነበረብህ" አለና ሳቀ።

በሳሙና ቁራጭ ግድግዳው ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። ባስረዳኝ ቁጥር ይበልጥ ተደናገርሁ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩና ባዶ ወረቀት ነበሩ።

"ጋዜጠኛ ነህ አሉ። የዚህን ሰው ቃል ሰው እንዲያነበው አድርገህ ጻፍልኝ። የእሱ ነገር ራሴን አዙሮታል። ዓባይ ማዶ ነው በልና ጨርስ።"

"እንዲያ አላለም፣ ጓድ።"

"ምን አገባህ? ጽፈህ ስትጨርስ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

ደንቡ አሁንም አልገባኝም። ሰውየው ያለውን ግን ሰምቻለሁ። "ጎርጎራ ነው ወይም ዓባይ ማዶ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ብሏል" ብዬ ጻፍሁ። መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። ብዕሩን ከእጄ ተቀበለኝና ወደ ክፍሌ አስመለሰኝ።

አሥራ አራት ወር ቆየሁ። ስፈታ ዓባይ ማዶ ሄጄ ባለታንኳውን የመምህሩን ጎረቤት አገኘሁት፤ ማንም አልመጣበትም።

ስለ መምህሩ የጠየቅኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ውጭ አገር ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ሩቅ ሳይደርስ ተገደለ ይላሉ። እስከ ዛሬ አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልሁም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፦ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ተጠራ። ግቢው ውስጥ የቆመ ላንድሮቨር ላይ ተሳፈረ። እጆቹ አልታሰሩም ነበር።