ያጠበቅኋቸው ሁለት ብሎኖች

እኔ የላላ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። የበር ማጠፊያም ይሁን የድስት እጀታ ካላጠበቅሁት እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ደግሞ የብስክሌት ተወዳዳሪ ናት። በአይከል መንገድ ቁልቁለቱን ስትወርድ የማልሳልለት ታቦት የለም።

አንድ ቀን ብስክሌቷን ስወለውል፣ ከኋላው ጎማ ሥር ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ በሚያሻግረው ዕቃ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ወጣ ብለው አየሁ። «ተፈትቶ ሊገድላት ነው» ብዬ ካቻቢቴ አምጥቼ እስከ መጨረሻው አጠበቅኋቸው።

በማግሥቱ ከልምምድ ስትመለስ የሰፈራችንን ዳገት ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች። ቅዳሜ ለቡድን የሚመረጡበት ውድድር ነበራት፤ መንገዱም አብዛኛው ዳገት ነው።

«ካቴናው ለዳገት የሚሆነው ትልቁ ጥርስ ላይ አልወጣ አለኝ። ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ላልቶ አየሁታ!»

አየችኝና ሳቀች። «እማ፣ ምነው ፍሬኑንም አጥብቀሽ ቤት ባስቀረሽኝ! ልብሽ ያርፍ ነበር።»

ከዚያ ብስክሌቱን በኮርቻው በኩል ከበረንዳው ወራጅ ላይ በገመድ ሰቀለችና ፔዳሉን በእጄ እንዳዞር አዘዘችኝ።

«እነዚህ ብሎኖች ወሰን ናቸው። አንዱ ካቴናው ከትንሹ ጥርስ ወጥቶ እንዳይወድቅ፣ ሌላው ትልቁን አልፎ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቺ ወሰኑን ወደ መሀል ገፋሽው።»

ቀስ እያለች ፈታቻቸው። ቀጥሎ ያንን ዕቃ የሚስበውን ሽቦ፣ ካቦውን፣ የሚወጥረውን ማስተካከያ በሁለት ጣቷ ሩብ ዙር አዞረች። ካቴናው ቀጭ ቀጭ አለ። ሌላ ሩብ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው፤ ያንሾካሹካል» አልኋት።

አንድ ሩብ ጨመረች። ድምፁ ጠፋ። መሪው ላይ ያለውን መቀየሪያ ስትጫን ካቴናው ማንም ሳይነካው ከጥርስ ጥርስ እየተሻገረ ትልቁ ላይ ወጣ፤ መልሳ አወረደችው፤ እንደገና ወጣ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። ይህ ሁሉ በመጨረሻዋ ሩብ ዙር መሆኑን፣ ያቺን ሩብ ደግሞ የልጄ ጣት ማወቁን ሳይ ፔዳሉን ማዞር ረስቼ ቆምሁ።

«ሞክሬው ልምጣ» ብላ ወጣች። በዚያው ዳገት ከኮርቻዋ ሳትነሳ፣ ያለ ኮሽታ፣ ጫፉ ድረስ ሄደች።

ጎረቤቴ «ምነው፣ አፍሽን ከፍተሽ ቀረሽ?» ስትለኝ ዳገቱን በእጄ አሳየኋት።