የመካኒኩ ቦርሳ

ልጆቼ ሲሰበሰቡ የትራክተሯን ነገር ያነሡና ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በወገራ ሜዳ ትራክተር እንደ ጉድ በሚታይበት ጊዜ ነው። እነሱ የሚስቁት በሠራሁት ሞኝነት ነው። እኔን እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ግን ሞኝነቱ አይደለም። ወሬው የመካኒኩ ቦርሳ ላይ ሲደርስ ወጥ አማስላለሁ ብዬ ብድግ እላለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ጣሊያን ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ትራክተር እንደሚሸጥ ሰማ። ጥማድ በሬዎቻችንን ለጎረቤታችን ለአያ ተገኘ ሸጠና ገዛት። በሬ ሸጦ ብረት የሚገዛ ሰው ታየ ተብሎ አገሩ ሁሉ ተሳለቀብን። እኔም በልቤ ከአገሩ ጋር ነበርሁ፤ በአፌ ግን ለባሌ ተሟገትሁ።

ደግነቱ ትራክተሯ አሳምራ አረሰች። ቁመቷ ከበሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ድምፅዋ ግን መንደሩን ያናውጠዋል። የሳቁብን ሁሉ ከእርሻችን ዳር ቆመው አፋቸውን ይዘው ያዩ ጀመር። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ትራክተሯ የምታድረው ከቤታችን ጎን በሣር በተከደነ ዳስ ሥር ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳያት የነዳጅ ጋኗ ክዳን ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አየሁ። ዳሱ ያፈሳል፤ ቤንዚኑም ይሸታል። እንግዲህ እኔ በጠላ ጠመቃ የታወቅሁ ሴት ነኝ፤ እኔ የመረግሁት ጋን ትንፋሽ አያወጣም ይባልልኝ ነበር። ጥጥ በቀለጠ ሰም ለወስሁና ያችን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኋት። ለባሌም አልነገርሁት። ጋን መድፈን የኔ ሥራ ነው፤ ምን ይነገራል?

በማግስቱ ትራክተሯ እርሻው መሐል ላይ እንዳለች እንደ ጉንፋናም ሰው ሳለችና ቀጥ አለች። ደምሴ የማስነሻውን ብረት ቢያዞር ቢያዞር እንቢ አለችው። ነዳጅ ያለቀ መስሎት ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ነዳጅ አለ። ከድኖ ሲያዞራት ተነሣች። ጥቂት አረሰችና እንደገና ቆመች። እንዲህ ስትነሣ ስትቆም ዋለች። እንደ በሬ እረፍት ፈልጋ ነው ያለ አለ፤ ዓይን በልቷት ነው ያለም አለ። እኔም ጸበል አምጥቼ ረጨኋት።

ሰኔ እያለቀ ነበር። ገብሱ በጊዜ ካልተዘራ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ በሬ የሚያውስ የለም፤ ሁሉም ለራሱ ይጣደፋል። አያ ተገኘ ብቻ መጣና "ምነው ደምሴ፣ መሬቱ ጦም ከሚያድር በእኩል ልረስልህ" አለው። እኛ በሸጥንለት በሬ መሬታችንን አርሶ የምርቱን ግማሽ ሊወስድ! ባሌ ጥቂት ቀን ታገሠኝ ብሎት በጭነት መኪና ጎንደር ወረደና መካኒክ ይዞ መጣ።

መካኒኩ አቶ ንጉሤ ይባላል። ዝምተኛና ጠና ያለ ሰው ነው፤ ሙያውን የለመደው በልጅነቱ ከጣሊያኖች ጋራዥ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ነዳጁን አየ። ከዚያ እሳት የሚሰጣትን ካንዴላ ፈትቶ ወለወለ። ነዳጁን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር አወረደና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአፉ እየነፋ አጸዳ። ገጥሞ ሲያዞራት በአንዴ ተነሣች። እልል አልሁ። ምሳ አቀረብሁለት፤ ለመንገዱም ዳቦ ቋጠርሁለት።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ መኪና ሲጠብቅ ትራክተሯ ቆመች። ሰው ልከን አስመለስነው። ነዳጁን አየ፣ ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ፤ ተነሣች። ገና እጁን ሳይታጠብ ቆመች።

በዚህ ጊዜ እርሻው ዳር ሰው ተሰብስቧል። አያ ተገኘም በሬዎቹን አቁሞ መጥቷል። የባሌ ፊት አመድ መስሏል። እኔ ደግሞ ከተናደድሁ ምላሴን የሚይዝልኝ የለም።

"ምነው ይሄ ነገር? ሲመጣ ትነሣለች፣ ዘወር ሲል ትቆማለች!" አልሁ ጮክ ብዬ። "ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ገጥሞባት ነው!"

"አንቺ ሴት፣ ተይ!" አለኝ ደምሴ።

"አልተውም! እስቲ ቦርሳህን ክፈት!" አልሁት መካኒኩን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ "እርስዎ" ነበር የምለው።

አቶ ንጉሤ ቀና ብሎ አየኝ። "እሜቴ፣ እኔ የሰው ዕቃ አልወሰድሁም" አለ።

"ካልወሰድህ መክፈቱ ምን ያስፈራሃል?"

ከሰዎቹ አንዱ "እውነቷን ነው፣ ይከፈት" አለ። ሌላውም ተቀበለው። ደምሴ መሬት መሬት ያያል። መካኒኩ ተንበረከከና ያን የቆዳ ቦርሳ ጭቃው ላይ ዘቅዝቆ አራገፈው። መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ከዚያም እኔ የቋጠርሁለት ዳቦ፣ ከጫፉ ትንሽ የተቆረሰ። ሌላ ምንም አልነበረም። ሁሉም ለማየት አንገቱን አስግጎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ እንኳ አላፈርሁም፤ የት ደብቆት ይሆን እያልሁ አስብ ነበር።

አቶ ንጉሤ ዕቃውን እዚያው ጭቃው ላይ ትቶ ተነሣ። እንደ ልማዱ ነዳጁን አይቶ ከደነና ትራክተሯን አስነሣት። ከዚያ ምንም ሳይነካ ከጎኗ ቆመ፤ ጆሮውን ብቻ ሰጣት። ብዙ ቆይታ ሳል ሳል አላትና ጠፋች። ወዲያው ክዳኑን ቀስ ብሎ ሲፈታ ፍስስ አለ፤ አየር ስትስብ እኔም ሰማሁ። ክዳኑን አገላብጦ አየ። አቧራና ዘይት የለበሰውን ቀዳዳ በጥፍሩ ጫር ጫር ሲያደርገው ጥጥና ሰም ወጣ።

ጥጡን አወቅሁት፤ የኔው ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ባሌ።

አቶ ንጉሤ ጥጡን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ነገረው መሰለኝ። እጁን ጨበጥ አደረገና "ቆሻሻ ነው። ጋኑ አየር አጥቶ ነዳጁ እንቢ ብሎ ነው፤ ክዳኑን በከፈትን ቁጥር የተነሣችው ለዚህ ነው። አሁን ይወርዳል" አለ።

ሊሸፍንልኝ ነው! ሌባ ያልሁት ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዕቃውን ጭቃ ላይ ያስበተንሁት ሰው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ቆሻሻ አይደለም" አልሁ። "እኔ ነኝ የደፈንሁት። ዝናብ እንዳይገባ ብዬ በሰም ደፈንሁት።"

 ከዚያ አያ ተገኘ "ጠላ መስሏት!" ሲል ሳቁ ፈነዳ። ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚስቁት በዚህች ነው። ደምሴ ግን አልሳቀም። ትራክተሯን አስነሥቶ ማረስ ጀመረ። እሷም እስከ ጀንበር መጥለቂያ አንዴም አልቆመች። በእኩል ልረስ የሚለው ነገር በዚያው ቀረ።

እኔ ከማሳው ድንጋይ አነሣሁና አንገቴ ላይ ተሸክሜ አቶ ንጉሤ ፊት ጎንበስ አልሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲያ ነው።

"ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ" አልሁት።

ፈጥኖ ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደው። "ይቅር ብያለሁ፣ እሜቴ። ይነሡ፣ ይነሡ" አለ።

ከዚያ ዕቃውን ሊሰበስብ ቁጭ አለ። እኔም ቶሎ ተንበርክኬ አንዱን መፍቻ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግለት አነሣሁ።

"ይተዉት" አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። "ይተዉት እሜቴ፣ እኔ እሰበስበዋለሁ።"

መፍቻውን ከእጄ ወስዶ በራሱ ጨርቅ ጠረገው። ሁሉንም እንዲሁ አንድ በአንድ እየጠረገ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። እኔ ባዶ እጄን ተንበርክኬ አየው ነበር። ምሳ ብንለው መኪና ያመልጠኛል ብሎ ሄደ።

በዚያ ዓመት ገብሱ አማረ። ከምርቱ ለአቶ ንጉሤ በባሌ እጅ ላክሁለት፤ ተቀብሎ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ብሎ ባሌን ሸኘው። በዓመቱ ትራክተሯ ሌላ ሕመም ገጠማትና ደምሴ ሊጠራው ጎንደር ወረደ። ይዞት የመጣው ግን አንድ የማላውቀውን መካኒክ ነበር።

"አቶ ንጉሤስ?" አልሁት።

"ሥራ በዝቶበታል" አለኝ ደምሴ ፊቱን አዙሮ።

አዲሱ መካኒክ ወደ ትራክተሯ ከመሄዱ በፊት መጣና እጅ ነሣኝ። ከዚያ ቦርሳውን ፊቴ አስቀምጦ አፉን ከፈተውና "እሜቴ፣ ሥራ ሳልጀምር ዕቃዬን ይዩልኝ" አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ወሬው ጎንደር ደርሶ፣ በቅን ልቡ የዚህ ቤት ወግ መስሎት ነው።

 ሰው ቢስቅብኝ ቀለለኝ፤ አቶ ንጉሤም ከልቡ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ግን ይኸው አርጅቼም፣ አንድ ሙያተኛ ቦርሳውን አንግቶ በደጄ ሲያልፍ ካየሁ ቀድሜው ዓይኔን እሰብራለሁ።