የጎጓ ሴት

ዓሣ አጥማጁ ወደ ሆስፒታላችን የመጣው ግራ ጆሮው ተደፍኖበት ነው።

«ባሮ ውስጥ ጠልቄ ነበር። ውሃ ገባ፣ አልወጣም» አለኝ።

ስጠይቀው ጉሮሮው ላይ መጥፎ ሽታ ያለው አክታ እንደሚወርድበት፣ ማጅራቱንም እንደሚያመው ነገረኝ። ከዓመታት በፊት ጎግ ወረዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ በነርስነት ስሠራ አንዲት ሴት ይህንኑ ነግራኛለች። ሦስት ጊዜ መጣች። ሦስቱንም ጊዜ «ጉንፋን ነው» ብዬ የአፍንጫ ጠብታ ሰጥቼ መለስኳት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

በዚያ ሳምንት አንድ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ከጅማ መጥቶ ነበር። የሰውዬውን አፍንጫ አደንዝዞ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገባ።

«ሲስተር፣ ነይ እዪው።»

ከአፍንጫው ጀርባ፣ ከላንቃው በላይ፣ ክብ ለስላሳ እብጠት ይታያል።

«ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይመስላል። ግን ሲቲ ስካን ሳላይ አልነካውም።»

ሰውዬው ጅማ ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሣ። እብጠቱ አጥንት አልነካም። ሐኪሙ እስኪመለስ በምንጠብቅበት ጊዜ ያቺ ሴት በተራ ጠባቂዎች መካከል ጆሮዋን ይዛ የቆመች እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ!

ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ እዚሁ ቀዶ ጥገና አደረገለት። በአፍንጫው በኩል ገብቶ ከረጢቱን ሲከፍተው ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። መምጠጫውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከከረጢቱ ግድግዳ ቆርጦ ለምርመራ ላከ። እጃችንን ስንታጠብ ስለ ሴትየዋ ነገርኩት።

«የእሷም ይሄው ይሆን?»

«ሳላያት ምን ልበልሽ? ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል።»

የዓሣ አጥማጁ ውጤት ካንሰር እንዳልሆነ አሳየ። ጆሮው ተከፍቶ፣ እየሳቀ ወደ ጀልባው ተመለሰ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በእረፍቴ ቀን ጎግ ሄጄ የሴትየዋን ቤት አፈላልጌ አገኘሁ። ባሏ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ወዲያው አወቀኝ።

«ሞታለች» አለኝ። «ራሷን በጣም አመማት፣ ከዚያ ሞተች።»

«ጉንፋን ነው» ብዬ እንደተሳሳትኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ፣ ዶክተር። ሁልጊዜ መድኃኒት ሰጠሻት። አንድ ቀን እንኳን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

ስህተቴንም ዶክተር አለመሆኔንም ሳልነግረው ያቀረበልኝን ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ።

ዓመት አለፈው። ረግሞኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ምርቃቱ ግን ሥራ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል።