ጉኑኖ፣ ቶኪዮ እና ቃጫ

እናቴ የቆሎ ከረጢቴን ያሰረችበት ቃጫ አውሮፕላኑ ውስጥ ጉኑኖ ጉኑኖ ሸተተኝ።

እዚያው ጉኑኖ፣ የተወለድኩባት ከተማ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ከአዲስ አበባ ቶኪዮ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላንስ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ከካርታ ላይ ለክተን እንድናሰላ አዘዙን። ማስመሪያ ስላልነበረኝ እናቴ ከእንሰት የፋቀችውን ቃጫ ካርታው ላይ ወጠርኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።

«ተሳስተሻል» አሉኝ መምህሩ። «አውሮፕላን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ጎበጥ ይላል። ለነገሩ ላንቺ ከጉኑኖ ሶዶ ያለውን ማወቅ ይበቃሻል።»

ጎበጥ ማለቱ አልገባኝም። የመጨረሻው ግን በደንብ ገብቶኛል።

«ሄጄ አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ከክፍል አስወጡኝ። ቃጫዬን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ፊቴ ያለው ስክሪን የቶኪዮን መንገድ ያሳያል፤ ገና ብዙ ሰዓት ይቀረናል። መስመሩ እውነትም ጎብጧል።

መምህሬ ልክ ነበሩ፤ ስለ አውሮፕላኑ።