የእትዬ ዘርፌ የማስታወቂያ ካርቶኖች

እትዬ ዘርፌ ነገር መጣል አይሆንላቸውም። እዚህ ኮሎምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የሐበሻ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በራቸው ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ፣ ጊዜው ሲያልፍ ነቅለው፣ ከጀርባው ቀኑን ጽፈው የበርበሬ ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። «ክፍል የሚከራይ»፣ «ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ለሥራ የሚያደርሰው ራይድ የሚፈልግ»፣ «ልጅ እጠብቃለሁ»፣ የለቅሶ፣ የመውሊድ፣ የጠፋ ፓስፖርት፣ ምኑ ቅጡ! ለምን ብለን ስንጠይቃቸው፣ የሰው ስም ያለበት ወረቀት ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አይጣልም ይሉናል። እኛም ለይቶላቸዋል እያልን ስንስቅባቸው ኖርን።

ከዚያ ናርዲ መጣች። ናርዲ እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደች፣ የሰፈራችን ላይብረሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አንዱን ካርቶን ከፍታ ሦስቴ ካስነጠሰች በኋላ፣ ይሄ እኮ የሰፈሩ ታሪክ ነው አለች በእንግሊዝኛዋ። ለካ ታሪካችን በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ክረምቱን ሙሉ እትዬ ዘርፌ እያነበቡላት፣ እሷ እየተየበች፣ ሁሉንም ስካን አደረጉት። በመጨረሻም የተመረጡት ላይብረሪው ውስጥ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ለሰው ሁሉ ሊታዩ ሆነ።

ታዲያ ያ «ሰው ሁሉ» የተባለው ወረቀቶቹን የጻፈው ራሱ ነው። ላይብረሪው ደግሞ፣ ወረቀቴ ይውረድልኝ ያለ ሰው ይወርድለታል ብሏል። እትዬ ዘርፌ ያውቁናል፤ አንዱ ካስወረደ ሁላችንም ተከትለን እንደምናስወርድና ሰሌዳው ባዶውን እንደሚቀር ገብቷቸው እንቅልፍ አጡ።

የፈሩት አልቀረም፤ በመክፈቻው ቅዳሜ ምንያህል ወረቀቱን ሊያስወርድ ከትልቋ ልጁ ጋር ከች አለ። ምንያህል ማለት ሠርግ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት ሰውዬ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የጻፈው ወረቀት ግን «ጨዋ ነኝ። አላጨስም፣ ብዙ አልበላም፣ አላንኮራፋም። ሶፋም ይበቃኛል» ይላል። ማንኮራፋቱን እንኳ ሚስቱ ትመስክር። ለልጆቹ የነገራቸው ግን የመጣ ሰሞን የራሱን አፓርትመንት እንደተከራየ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከኋላው ወረፋ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የኔ ወረቀት ምን እንደሚል አልነግራችሁም።

እትዬ ዘርፌ አልተከራከሩትም።

«ውሰደው። ግን መጀመሪያ ቆመህ አንብበው» አሉት።

ሄዶ ቆመ። ከወረቀቱ አጠገብ ከካርቶን ያልወጣ፣ ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። አንዷ አዲስ የዲቪ ልጅ ሰሌዳውን የእውነት የማስታወቂያ ሰሌዳ መስሏት፣ ክፍል ፈላጊዎቹ መሀል የራሷን ለጥፋ ሄዳለች። ምን ታድርግ፣ በአማርኛ የተጻፈ ክፍል ፍለጋ አየች፣ ለጠፈች።

«ፍርዶስ እባላለሁ። ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ኢስተን የገበያ ማዕከል ሥራ ጀምሬያለሁ። ክፍል እፈልጋለሁ። ሰው አላስቸግርም» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ናርዲ ደንግጣ ልትነቅለው ስትል ምንያህል በእጁ ከለከላት። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ስልኩን አወጣና እዚያው፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ ደወለላት። ክፍል እንዳለው፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እንደምትኖር ነገራት። ፍርዶስ ምን እንዳለችው እንጃ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔም የሰው ሶፋ ላይ ነው የጀመርኩት» አላት።

ልጁ ቀና ብላ አየችው። «ዳድ፣ ዋት ሶፋ?» አለችው።

ምንያህል ወረቀቱን በጣቱ አሳያት። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ራሱ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ አላንኮራፋም የሚለው ጋ ሲደርስ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፤ ሶፋው ጋ ሲደርስ ግን እጁን ያዘችው። እትዬ ዘርፌ ወደ እኔ ዞረው፣ አንተስ የቱን ላውርድልህ አሉኝ። መጽሐፍ ልዋስ ነው የመጣሁት አልኳቸው።